የቦጂያ ጤፍ

ገለቴን የማያውቅ ሰው ሰበታ ውስጥ ካለ፣ ወይ ትናንት የገባ ተከራይ ነው ወይ ጆሮው አይሰማም። ለሌላው አፍ ሲታደል በማንኪያ ከሆነ ለእሷ በቁና ነው የተሰፈረላት። ጠዋት ከቤቷ ወጥታ የጅማ መንገድ ላይ እስክትደርስ ሰላም ሳትለው የምታልፈው ፍጡር የለም። «አካም ቡልቴ? ነጋ? ልጅሽን ሳሉ ተሻለው? ላሚቱስ ወለደች? ባልሽ ከዱከም መጣ?» አንዱን በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሰዋለች፤ መልሱን ሳትሰማ ደግሞ ቀጣዩን ታስከትላለች። የታክሲ ረዳቶች «ከእሷ ሂሳብ መቀበል ቀላል ነው፣ ዝም ማሰኘት ነው የሚከብደው» እያሉ ይቀልዱባታል። አንድ ቀን ብቻ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ አንዲት ቀን ብቻ፣ ሰላም ያላትን ሰው ዝም ብላ አለፈች። ጉዷም የፈላው በዚያች ቀን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዘር ነው።

አባቷ ኦቦ ቦጂያ ከአባታቸው የወረሱት አንድ ጤፍ ነበራቸው። ቀላ ያለ፣ አጠር ያለ፣ ከታች አንጓው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ጣል ያለበት። ለዓይን አያምርም፤ ገበያ ሲወጣ ነጋዴው ፊቱን ያጨማድድበታል። ዝናቡ መስከረም ላይ ድርግም ያለ ዓመት ግን የሰው ማሳ ሲጠወልግ እሱ እንደ ምንም ብሎ ፍሬውን ይቋጥራል። ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ «የቦጂያ ጤፍ» ይለው የነበረው። ኦቦ ቦጂያ ደግሞ ዘር ብሎ የመጣባቸውን ሰው በባዶ እጁ አይሸኙም ነበር። በድንበር የተካሰሳቸው ጎረቤት እንኳ ከችሎት በተመለሱ ማግስት ስልቻውን ይዞ መጥቶ፣ ፊታቸውን እንዳጠቆሩ ሰፍረው ሰጥተውታል። ሰላምታ ሊነፍጉት ይችላሉ፣ ዘር ግን አይነፍጉትም። ገለቴም ያደገችው ይህንን እያየች ነው።

ኋላ ሰው ሁሉ ነጭ ጤፍ መዝራት ጀመረ። ዋጋው ይሻላላ! ማን ይፈርድበታል? መሬቱም እያለቀ፣ ቤት እየበቀለበት ሄደ። ገለቴና ባሏ ዋቆ አንዲት ጥማድ ብቻ ስትቀራቸው እሷ ሙጭጭ ብላ የአባቷን ጤፍ ትዘራለች። ዘሯን ከአልጋዋ ሥር በማሰሮ ታስቀምጣለች፤ ሁሉንም ደግሞ በአንድ ጊዜ አትዘራም። ግማሹ መሬት ሲገባ ግማሹ ማሰሮው ውስጥ ይከርማል።

ያን ጊዜ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየ አንድ ተማሪ ነበር፤ ዮፍታሔ ይባላል። ያዲሳባ ልጅ፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ብቻውን ሲበላ የማያምርበት። ገለቴ ምሳውን ትሰጠዋለች፣ ራቱን ትሰጠዋለች፣ ልብሱ ሲቆሽሽ ትቆጣዋለች። የሚማረው ስለ ተክል ነው። አንድ ቀን «አዴ ገለቴ፣ የዚህችን ጤፍ ዘር ቢሰጡኝ ማስትሬቴን እሠራባታለሁ» አላት። አንድ ጣሳ ሞልታ፣ ከአፉ በላይ ቆልላ ሰጠችው። እንደ ወጉም፣ «ስታጭድ ትመልስልኛለህ» አለችው። እሱም ስቆ፣ «በእጥፍ ነው እንጂ!» አላት። ተመረቀና ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ውጭ አገር ሄደ ሲባል ሰማች።

እሱ በሄደ በሁለተኛው ዓመት ዋቆን ኩላሊቱን አመመው። ገለቴ አዲሳባ ሆስፒታል አርባ ቀን ከአልጋው ሥር ተኛች። ወቅቱ ክረምት ነበር፤ ማሳው ጦሙን አደረ። ቤት የቀረችው ትልቋ ልጇ ሄመን ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ ታናናሾቿ እግሯ ሥር ይንጫጫሉ፣ ዱቄት የለም። ማሰሮውን ከአልጋው ሥር ሳበችና ወፍጮ ቤት ወሰደችው። ገለቴ ስትመለስ ማሰሮውን አነሳችው፤ ቀለላት። ሄመን ግድግዳውን ተደግፋ፣ «እማ፣ ራባቸው» አለች። ምን ትበላት? ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ አፍ ተርቦ ማሰሮ ሙሉ እህል አልጋ ሥር ተቀምጦ! አልተቆጣችም። ዋቆም ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ያን ሰሞን ካፈሰሰችው እንባ ስንቱ ለዋቆ፣ ስንቱ ለማሰሮው እንደሆነ እሷም አልለየችውም።

ከዚያ ወዲያ ያልሄደችበት የለም። ተጂ ድረስ ወርዳ የአጎቷን ልጅ ዲሪርሳን ጠየቀች፤ እሱም ከተወው ቆይቷል። ቡራዩ ያገባችውን የባሏን እህት ጠየቀች፣ ሱሉልታ ዘመድ ላከች። አንዱ ያንን የሚመስል ጤፍ ሰጥቷት ዘራችው፤ በቀለና አንጓውን ስታየው የእሷ አይደለም። ነጩን ለመዝራት ተገደደች።

ስድስት ዓመት ሆነ። ከፋብሪካዎቹ ግንብ ጀርባ፣ ከማሳዋ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ርቆ፣ ሜዳው በድርብ ሽቦ ታጠረና የምርምር ቦታ ነው ተባለ። ለአረም የሚሆኑ ሴቶች ይፈለጋሉ ሲባል ገለቴ ሄደች። በሩ ላይ ከመኪና የወረደው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «አዴ ገለቴ!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ዮፍታሔ! ዶክተር ሆኗል፣ ቡራዩ ቤት ሠርቷል፣ ከንፈሩ ላይ ሳይቀር ሥጋ ጨምሯል። «ዮፍቲ ኮ! የኔ ዮፍቲ! አንተ ከዳተኛ፣ ስልክ የሚባል ነገር የለም እዚያ አገር?» አለችውና ሁለቱም አለቀሱ።

ከአጥሩ ውስጥ የተዘራው ጤፍ ነው። ሴቶቹ አረም እየነቀሉ ዮፍታሔ ከላይ ቆሞ ያስረዳቸዋል። «ከሌላ ተክል ያገኘነውን ዘረ መል ነው እዚህ ጤፍ ውስጥ ያስገባነው። ውኃ ሲያጥረው ቅጠሉ ቶሎ አፉን ይዘጋና ያለችውን እርጥበት ይቆጥባል። ድርቅ ይችላል ማለት ነው።»

«ቅጠል ደግሞ ምን አፍ አለው?»

«አለው እንጂ አዴ፤ በዓይን የማይታይ ብዙ ትንንሽ አፍ።»

«ታዲያ ያንን ዘረ መልህን ለኔም ባስገባህልኝ!» አለች ገለቴ። ሴቶቹ አረሙን ጥለው ሳቁ።

ከዚያ መደቦቹን አሳያት። ቀይ ምልክት የተተከለባቸው የተለወጡት ናቸው። በመሀል በመሀል ነጭ ምልክት ያለባቸው መደቦች አሉ። «እነዚህ ያልተነኩት ናቸው፤ ቀዮቹን ከእነሱ ጋር እናስተያያለን» አላት። ቀጥሎም ደስ እያለው፣ እንደ ስጦታ፣ «ነጮቹማ የእርስዎ ናቸው እኮ! ያቺ ጣሳ! ምንም አልነካናትም» አላት።

ገለቴ ጎንበስ ብላ አንዷን ግንድ በሁለት ጣቷ ገለጥ አደረገች። ወይን ጠጅ ቀለሟ አንጓዋ ላይ አለ። አባቷን መንገድ ላይ ያገኘች ያህል እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ያን ቀን ማታ በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችው። ማሰሮው እንዴት እንዳለቀ ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። «ስትታጨድ ከነጯ አንዲት ጭብጥ ስጠኝ። ጣሳህን ተወው፣ እጥፉን ተወው፤ አንዲት ጭብጥ» አለችው።

ዮፍታሔ ፊቱ ተለዋወጠ። «አዴ፣ አይቻልም። ሕግ ነው። እዚህ አጥር ውስጥ የበቀለ በሙሉ ተመዝኖ ይቃጠላል፤ ቀዩም ነጩም። የአበባው ብናኝ ከአንዱ ወደ ሌላው አልፎ ቢሆንስ? ገለባው እንኳ አይወጣም።»

«ለላሜ እንኳ?»

«ለላምዎ እንኳ።»

«እሺ፣ እኔ ከሰጠሁህ ከጣሳው የተረፈውስ? ያ እዚህ አልበቀለም።»

ስልኩን አውጥቶ አየው። ማንም አልደወለለትም። «እናያለን አዴ» አላት።

እናያለን! ስንት ሰው በዚህች ቃል ቤቱ ገብቷል መሰላችሁ። ገለቴም ገባች። ክረምቱ አለፈ፣ ጥቅምት አለፈ፣ ባየችው ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ ባየችው ቁጥር እናያለን ነው። ኋላ ኋላ ከሩቅ ሲያያት በሌላው በር መውጣት ጀመረ።

ኅዳር ላይ አጨዳ ሆነ። ሴቶቹ ሲገቡ ጋውን ይለብሳሉ፤ ሲወጡ ጋውኑን ያወልቃሉ፣ ቦቲውን ያጥባሉ፣ ኪሳቸውን ይገለብጣሉ፣ የልብሳቸው እጥፋት በብሩሽ ይጠረጋል። የምትፈትሻቸው ራቢአ የምትባል ጥበቃ ናት፤ ከመርካቶ ወጥታ ዓለም ገና ቤት የተከራየች፣ ሁለት ልጆች ያላት። ኦሮምኛ ያስተማረቻት ገለቴ ናት። ሁልጊዜ ማታ በሩ ላይ፣ ራቢአ ያጠናችውን ሰላምታ እንደ ተማሪ ትደረድረዋለች፤ ገለቴም አንድ በአንድ መልሳ፣ ስትሳሳት አርማ፣ አንድ አዲስ ቃል ጨምራላት ትሄዳለች። ፍተሻው ከሚፈጀው ሰላምታው ይበልጥ ይፈጅ ነበር።

በመጨረሻው የአጨዳ ቀን ገለቴ ነጭ ምልክት ካለበት መደብ መሀል ተቀምጣ ነበር። ቀዩን አልነካችም፤ ስለ ራሷ ስትምል ይህቺን አትዘላትም። ከነጩ ከመሀል መሀሉ አራት ዛላ መረጠች፣ መዳፏ ላይ አሸች፣ እብቁን እፍ አለች፣ የቀረውን አፏ ውስጥ ከተተች። ከምላሷ ሥር፣ ከጉንጯ ሥር። ጤፍ መሆኑ በጃት፤ ባቄላ ቢሆን ጉንጯ ያጋልጣት ነበር። ከዚያ ከሴቶቹ ጋር ተሰለፈች።

ራቢአ ጠረገቻት፣ ኪሷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን አብርታ ጀመረች፤ «አካም ኦልቴ አዴ? ነጋ? ፈያ? ጆሌን ነጋ?»

ገለቴ በአንገቷ ነቀነቀችና አለፈች።

«አዴ? ምነው፣ ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች ራቢአ ከኋላዋ። ገለቴ ዞር አላለችም። ምራቋን መዋጥ አትችል፣ መትፋት አትችል፤ ያንን ሁሉ መንገድ ሰላም ለሚላት ሰው ሁሉ እጇን እያወዛወዘች ቤቷ ደረሰች። ሳህን ላይ ተፋችውና በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ አደረቀችው። ሳቋ መጣ፣ እንባዋ መጣ። «አባ፣ ገባህ» አለች ሳህኑን።

ጥር ላይ ጓሮዋ ውስጥ፣ ከአልጋ የማይበልጥ መሬት ላይ ዘራቻት። የሳህን እጣቢ፣ የልብስ እጣቢ እያጠጣች አሳደገቻት። ሚያዝያ ላይ ፍሬዋ ሊደርስ ሲል ዲሪርሳ ከተጂ በሬ ሊሸጥ መጥቶ ቤቷ ጎራ አለ። ጓሮ ወጥቶ ሲመለስ ዓይኑ በርቷል።

«ገለቴ! ይኼ የአጎቴ የኦቦ ቦጂያ ጤፍ አይደል?»

ገለቴ በልቧ አሰበች፤ ወሬው ወጣ ማለት ነው። ዲሪርሳ ለሚስቱ ይነግራል፣ ሚስቱ ለገበያው፣ ገበያው ለዮፍታሔ። «አይ፣ ከገበያ የገዛሁት ሰርገኛ ነው» አለች።

«ተይ እንጂ፣ አንጓውን አይቼዋለሁ። ሲደርስ አንዲት ስኒ ብቻ ስጪኝ፤ እኔም ተጂ ላይ ላራባው።»

«የለኝም አልኩህ እኮ ዲሪርሳ።»

ዲሪርሳ አያት። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ በዚያ ቤት ዘር የጠየቀ ሰው እንዴት እንደሚሸኝ ሁለቱም ያውቃሉ። የቀረበለትን ውኃ ጠጣና ብርጭቆውን በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። ገለቴ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወርድ አላት። «ይሁን፣ የከርሞ ሰው ይበለን፤ በጆንያ ወስጄ እክሰዋለሁ» እያለች ራሷን አጽናናች።

ከጓሮዋ ያገኘችው ሁለት ጣሳ ነው። ሐምሌ ላይ አንዱን ጥማዷ ላይ በመስመር ዘራችው፣ አንዱን ማሰሮው ውስጥ መልሳ ከአልጋው ሥር አስገባችው።

ታዲያ ያ ዓመት ደግሞ የተረገመ ሆነ። መስከረም ገና አምስት ቀን ሳይሞላው ዝናቡ ቀጥ አለ። የሰው ጤፍ ወገቡ ተቆረጠ። የገለቴ ጥማድ ግን፣ ቀላ ብሎ፣ አጠር ብሎ፣ ፍሬውን ያዘ። ጎረቤት እየመጣ ያያል፣ «ምን አድርገሽበት ነው?» ይላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ አጠራት።

በጥቅምት ዮፍታሔ በዚያ በኩል በመኪና ሲያልፍ በደረቀው ማሳ ሁሉ መሀል አንዲት የቆመች ጥማድ አየ። ያን ጊዜ አልወረደም። ወደ ሥራው ሄዶ ራቢአን ጠራት። ይህንን ኋላ ራቢአ ራሷ እያለቀሰች ነው ለገለቴ የነገረቻት፦ «ያለፈው ዓመት ገለቴን በደንብ ፈትሸሻታል ወይ አለኝ። ፈትሻታለሁ፣ ምንም አልያዘችም፣ ብቻ የመጨረሻዋ ቀን ሰላም ብያት ዝም ብላኝ አለፈች፣ ምን እንዳስቀየምኳት እስከዛሬ አላውቅም አልኩት። እንዲህ ስለው እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። ወላሂ አዴ፣ እኔ ቅሬታዬን ነው የነገርኩት፤ መች ልከስሽ ብዬ!»

ዮፍታሔ ወዲያው መጣ። ማሳው ዳር ጎንበስ ብሎ አንጓዋን ገለጠ። እሷው ያስተማረችው ነው፤ የት እንደሚያይ ያውቃል።

«ከየት አመጡት አዴ?»

«ከአባቴ።»

«ከአጥሩ ውስጥ ነው?»

ለዲሪርሳ የዋሸችው እስካሁን ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ሁለተኛ መዋሸት አልቻለችም። «ከነጩ ነው! ከነጩ ብቻ! የኔን ነው የወሰድኩት! ብለምንህ እናያለን አልከኝ፤ እኔ አየሁልህ!»

ዮፍታሔ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ለተቆጣጣሪዎቹ ካልተናገረ ምርምሩ ሁሉ ይዘጋል፤ አሥር ዓመት የደከመበት፣ ስንት ሰው እንጀራ የሚበላበት። ከቀዩ አንዲት ፍሬ ተቀላቅላ ወጥታ ቢሆን ደግሞ እሱ ነው ተጠያቂው። ይህን ሁሉ ነገራት፤ ሲነግራት አንዴም ቀና ብሎ አላያትም።

«እኔ ቀይና ነጭ አላውቅም?» አለች ገለቴ።

«እኔ አምንዎታለሁ። እነሱ የሚያምኑት ምርመራውን ነው። ይሰሙኛል አዴ? ቤት ያስቀመጡት ካለ ያንንም ያምጡት። አንዲት ፍሬ ሳትቀር ካስረከቡኝና ንጹሕ ነው ከተባለ፣ እኔ ራሴ በእጄ እመልስልዎታለሁ። እናቴ ትሙት።»

ያ ልጅ በእናቱ ሞት ሲምል ሰምታው አታውቅም። ሮጣ ሄደች፣ አልጋው ሥር ገባች፣ ማሰሮውን ታቅፋ አመጣችለት። ማንም አላስገደዳትም፤ ማሰሮው ውስጥ ዘር መኖሩን ማንም አያውቅም ነበር። በገዛ እጇ! ዮፍታሔ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገለበጠው፣ አሸገው፣ ቁጥር ጻፈበት፣ መኪናው ውስጥ ከተተው። ባዶውን ማሰሮ መለሰላት።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ነጭ ቱታ የለበሱ አራት ሰዎች፣ ከኋላቸው ዮፍታሔ። ከየጥጉ ቅጠል ቆርጠው ለምርመራ ወሰዱ። ገለቴም «እንግዲህ ውጤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» ብላ እጇን አጣጥፋ ቆመች። አለቃቸው ግን፣ ፍሬው ሊረግፍ ስለሆነ ውጤት አይጠበቅም፣ መመሪያው ይኼ ነው አለ። አጨዱት። ማሳው መሀል ከመሩት። ናፍጣ አርከፈከፉበት። ጤፉ ገና እርጥበት ስለነበረው ቶሎ አልያዘም፤ ሁለት ጊዜ ጨመሩበት። ገለቴ ያን ቀን ያልተናገረችው አልነበረም፤ ተራገመች፣ ለመነች፣ በዋቆ አጽም፣ በቦጂያ አጽም አለች። ጎረቤቱ ዳር ቆሞ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቱ ሲያልቅ ተቆጣጣሪው የክስ ወረቀት አስፈረማት። ጣቷን ቀለም ውስጥ እየነከረች እንኳ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ከረጢቷ አለች፣ ታሽጋለች፣ ቁጥር አላት።

ሁለት ወር ጠበቀች። ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል ዮፍታሔ ብቻውን መጣ። ደጁ ላይ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀት አወጣ።

«ውጤቱ መጥቷል አዴ። ንጹሕ ነው። ከቀዩ አንዲት ቅንጣት የለበትም። እውነትዎን ነው፤ ከነጩ ብቻ ነው የወሰዱት። ክሱም ተነስቷል፣ እንኳን ደስ አለዎት።»

ገለቴ ብድግ አለች። ወደ ውስጥ ገባችና ማሰሮውን ይዛ ወጣች። ጠርጋዋለች፣ አጥናዋለች፣ ዝግጁ ነው። «በል» አለችው ዘርግታ።

ዮፍታሔ ማሰሮውን አየው። እጁን አላነሳም።

«አዴ… ከረጢቱ ያኔውኑ ነው የተቃጠለው። ማሳው በተቃጠለ ማግስት። ምርመራው እስኪደርስ ይቆይ ብዬ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም።»

«ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር።»

ገለቴ ማሰሮውን ወደ ደረቷ መለሰችው። «እሺ። የጣሳዬን ስጠኝ። እኔ ከሰጠሁህ የተረፈውን። ዘር የምታስቀምጡበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለውን።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። «የለም። ከምርቱ እንተካለን ብዬ ያለችውን ሁሉ ነበር አጥሩ ውስጥ የዘራኋት። ነጩም ይቃጠላል የሚለው መመሪያ የመጣው ከተዘራ በኋላ ነው። ያኔ ሲጠይቁኝ እናያለን እልዎ የነበረው… የምነግርበት አፍ አጥቼ ነው። ያልተነካችው የቦጂያ ጤፍ የትም የለችም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለችው ቀይዋ ናት፤ ዘረ መሉ የገባባት። እሷ ትቀጥላለች። ፈቃድ ስታገኝ፣ ምናልባት በአምስት በስድስት ዓመት፣ በሱቅ ትሸጣለች። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ገዝቼ አመጣልዎታለሁ።»

ትሸጣለች አላት። የአባቷ ጤፍ።

ገለቴ ዮፍታሔን አልሰደበችውም። አእምሮዋ እዚያ አልነበረም። ተጂ ነበር። ዲሪርሳ ብርጭቆውን በቀስታ ሲያስቀምጥ ታያት። አንዲት ስኒ! አንዲት ስኒ ሰጥታው ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ተጂ ላይ ታጭዳ፣ ተወቅታ፣ ጎተራ ገብታ ነበር። ማንም ተቆጣጣሪ አያውቃት፣ ማንም ናፍጣ አይደርስባት። አባቷ የከሰሳቸውን ሰው ያልነፈጉትን እሷ የአጎቷን ልጅ ነፈገችው። ያቃጠለው ሌላ ሰው ነው፤ እንዳትተርፍ ያደረገቻት ግን ራሷ ናት። ይህንን የሚያውቅ ደግሞ ከእሷና ከዲሪርሳ በቀር ማንም የለም።

ዮፍታሔ ተነሳ። ወረቀቱን በርጩማው ላይ አስቀመጠላት። «አዴ፣ ይስደቡኝ» አላት። አልሰደበችውም። «ይርገሙኝ እንኳ።» አልረገመችውም። በሩ ጋ ደርሶ ዞረና፣ እሷ ድሮ በጓሮ ክፍሉ ደጃፍ ባስተማረችው ኦሮምኛ፣ «ነጋቲ አዴ፣ ነጋቲ» አላት። መልሷን ቆሞ ጠበቀ። ሄመን ከውስጥ ሰምታ ወጣች፤ እናቷ ሰው ሲሰናበታት ዝም ስትል አይታ አታውቅም።

ገለቴ ባዶውን ማሰሮ እንደታቀፈች በአንገቷ ነቀነቀች። ያኔ ራቢአን ዝም ብላ ስታልፍ ከምላሷ ሥር የያዘችው ነገር ነበራት። አሁን ግን አፏ ውስጥ ምንም አልነበረም።